መርዶ የተማረው ማሽን

ጋሸ ገነነ በሞቱ ዕለት ምሳቸውን አሟጠው በልተው ነበር። ሳንባ ምች ይዟቸው ጎሽ ሜዳ ጤና ጣቢያ ከተኙ ሰንብተዋል፤ መድኃኒቱ ሠርቶላቸው የምግብ ፍላጎታቸው ተከፍቷል፤ ከበሉም በኋላ እንደማንኛውም የጠገበ ሰው ወደ ግድግዳው ዞረው ለሽ አሉ። ሲዞሩ ታዲያ ጣታቸውን ቆንጥጣ ይዛ የነበረችው መለኪያ ወለቀች። ራስጌያቸው የቆመው ዘብ የተባለው ማሽን የልብ ምት ቢፈልግ አጣ፣ ኦክስጅን ቢፈልግ አጣ። የተሠራውም ለዚሁ ነውና አንድ ረጅም፣ የማይቆረጥ ጩኸት ለቀቀ።

ባለቤታቸው እትየ ታንጉት እግርጌ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። «ይህ ማሽን የሚጮኸው ሰው ሊሞት ሲል ነው» ተብለዋል። ማሽኑን ሰሙ፣ ባላቸውን አዩ፣ እንዝርቱን ወርውረው አገር ይያዝልኝ አሉ። ነርሱ ደጀኔ ከመድኃኒት ክፍል ሮጦ ሲደርስ ምንጭ የወረዱ ሴቶች ጩኸቱን ተቀብለውት ነበር፤ መለኪያዋን ከፍራሹ ሥር ፈልጎ ጣታቸው ላይ ሲመልሳት ደግሞ ጥሩምባ ነፊው ጉብታው ላይ ወጥቷል። ዘብ ጸጥ አለ። ጋሸ ገነነም ዓይናቸውን ገለጡ። እንግዲህ ማሽን በቁልፍ ዝም ይላል፤ አገርን በምን ቁልፍ ዝም ያሰኙታል? ሕዝቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ በየአቅጣጫው መጣ።

በዚያ አገር ሞትን ፊት ለፊት መንገር ነውር ነው። ሰው የሞተበትን ሰው ሽማግሌዎች ማለዳ፣ እህል ሳይቀምስ ይሄዱበታል። ስለ ከብቱ ይጠይቁታል፣ ስለ እህሉ ይጠይቁታል፣ «ሰው መቼም ከእግዜር በታች ነው» ይሉታል፤ እንዲህ ቀስ እያሉ ነው የሚያወርዱት። መርዶ ማለት ይኸ ነው። ስለዚህ ጋሸ ገነነ በመስኮት ብቅ ብለው «ማን ሞቶ ነው?» ቢሉ የሚመልስላቸው ጠፋ። ለራሳቸው ከራሳቸው የቀረበ ዘመድ የለምና የገዛ ሞታቸውን እንዴት ብሎ ማን በድንገት ይንገራቸው።

«ኧረ ምንም አይደል ጋሸ ገነነ፤ አንድ ሰው ትንሽ አሞት ነው» አላቸው አንድ ጎረቤት፣ እንባውን በነጠላው ጫፍ እየጠረገ።

«ማን?»

«የሚያውቁት ሰው ነው። አሁን ግን ተሽሎታል።»

ነገሩ የተገለጠላቸው አልቃሿ ግጥም ስታወርድ ነው።

የቦራ ባለቤት የገብሱ ጌታ፣
ማን ይጥመደው ብለህ ተኛህ ሳትረታ።

ቦራ የእሳቸው በሬ ነው። ጋሸ ገነነ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ገብስ የት አለኝ እኔ፤ ጤፍ አይደል የምዘራ» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ነው ደም ወደ ፊታቸው የወጣው።

ይህን ሁሉ ሠርክአዲስ የሰማችው ቡሬ ሆና በስልክ ነው። ደጀኔ ነበር የደወለላት። «ሠርክአዲስ፣ ሰውየው ድነዋል፤ ግን ለቅሷቸው ላይ ነን» ቢላት ምን ትበል። ማሽኑን የሠራችው እሷ ናት።

ሠርክአዲስ ባዮሜዲካል ኢንጂነር ናት። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ለሚላት ዘመድ «የሐኪም ቤት ዕቃ ሐኪም ነኝ» ትላለች። ተመርቃ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የገፋችው በየሐኪም ቤቱ ጓሮ፣ ከውጭ በእርዳታ መጥቶ ሶኬቱ ከግድግዳችን ያልገጠመ፣ መመሪያው በማን ቋንቋ እንደተጻፈ የማይታወቅ ዕቃ ስትፈታና ስትገጥም ነው። አንዱን አርዳ ሌላውን ታድንበታለች። አንድ ቀን ድምፅ ማውጫው የተበላሸ ማሽን ላይ የተኛች ወጣት፣ አጠገቧ ሰው ሞልቶ ሳለ ማንም ሳያውቅ ዝም ብላ ስታልፍ አየች። ማሽኑ ቁጥሩን በትክክል ጽፎ ነበር። ማን ያንብበው? ሠርክአዲስ ያን ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ተናደደች፤ ንዴቷ ነው ሥራ ያስለቀቃት።

ቡሬ የበቆሎ ማስቀመጫ የነበረ መጋዘን ተከራየች። አብሯት የተማረው ስመኘው ሽያጩን ያዘ። ሽቦውን እሷ በየደች፤ የማሽኑን ቀፎ የሚያወጣ ሻጋታ ያገኙት ግን የፕላስቲክ ጆግ ከሚያመርት ሰው ለምነው ነውና የመጀመሪያዎቹ ዘቦች እንደ ጆግ እጀታ አላቸው። ስመኘው «ለመሸከም እንዲመች ታስቦ ነው» እያለ ያስረዳል። እሷ የምትሳሳለት አንድ ነገር ነው፤ ጩኸቱ። የሰው ትንፋሽ ሲያጥር ዘብ እንዲጮህ፣ እንቅልፋም ነርስ ቢሆን፣ ወሬኛ አስታማሚ ቢሆን ዘሎ እንዲነሣ። ለማምረት ፈቃድ የሚሰጣት ጎሽ ሜዳ ላይ ተሞክሮ ሕዝቡ ከተቀበለው ነው። ጎሽ ሜዳ ከመለሰው መጋዘኑ ወደ በቆሎው ይመለሳል፤ ዘብም አንድ ነፍስ እንኳ ሳያድን ይቀራል።

ጋሸ ገነነ አገግመው እንደወጡ ማሽኑን ለሽማግሌ ከሰሱት። ሠርክአዲስ ችግሩን አስቀድማ ባንድ ከሰዓት ፈትታዋለች፤ ዘብ ከእንግዲህ መለኪያ ሲወልቅና ልብ ሲቆም ለይቶ ያውቃል። ይህንን ይዛ፣ ደስ ብሏት፣ ከስመኘው ጋር በባጃጅ ጎሽ ሜዳ ወረደች። ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ሾላ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፤ ዘብ ፊት ለፊታቸው ወንበር ላይ ተደርጓል። የሚዳኙት የደብሩ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ናቸው።

«ስሕተቱን አልከሰስሁም» አሉ ጋሸ ገነነ ቆመው። «ሰው ይሳሳታል። ተኝቼ ለሚያየኝ ሙት እመስላለሁ፤ ታንጉትም ትለኛለች። የከሰስሁት አነጋገሩን ነው። ሚስቴ ብቻዋን ናት፣ ሽማግሌ የለ፣ ቄስ የለ። እንደዚያ ባለ ድምፅ፣ ያለ ሰላምታ መርዶ የሚያረዳ ማነው? ጠላት እንኳ ከብቱ ደህና ነው ብሎ ይጀምራል።»

«ተከሳሹ የሚለው አለው?» አሉ መሪጌታ።

ሁሉም ወደ ዘብ ዞረ። ዘብ ኤሌክትሪክ አልተሰካለትም።

«ዝም ማለቱ መልካም ነው፤ ጥፋቱን አምኗል ማለት ነው። ዋሱ ማነው?»

ሠርክአዲስ ተነሣች። የፈታችውን ችግር አስረዳች። በትሕትና አዳመጧት፤ አንድም ሰው ግን ጉዳዬ አላለውም። ከዚያ ፍርዱ መጣ። ማሽኑ ከእንግዲህ አይጮህም። ክፉ ወሬ ሲኖረው ወግ ባለው ድምፅ መጀመሪያ ሰላምታ ያቀርባል፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ እህል፣ ስለ ዝናብ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሕመምተኛው የሚመጣው።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ስለ ከብት የሚጠየቅበት ጊዜ የለም» አለች።

«ልጄ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ሌላም አለ» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ማታ መርዶ አይነገርም። ከመሸ ከሆነ እስኪነጋ በሆዱ ይያዘው።»

እዚህ ላይ ሠርክአዲስ ትዕግሥቷ አለቀ። «ይህንንስ አላደርገውም። ከዚያ በፊት በመጥረቢያ እሰብረዋለሁ» አለች። ስመኘው ቀሚሷን ጎተታት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አንዱ «ለካ ጩኸቱን ከእናቱ ነው የወረሰው» አሉ። መሪጌታ ግን ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፍነው ሌሊትም ቢሆን እንዲናገር ፈቀዱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሆነ።

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ስመኘው በደስታ አልተቀመጠም። «ሠርኬ፣ ይሄ እኮ ፊቸር ነው። እንዲህ ያለ ችሎታ ያለው ማሽን በዓለም ላይ የለም።»

«በዓለም ላይ የሌለው ለምን ይመስልሃል?» አለችው።

ምን ታድርግ? እምቢ ብትል ዘብ ይመለሳል። እሽ ብትል ዘብ ስለ ከብት እየጠየቀ ሰው ይሞታል። ከሁለቱ ክፉዎች ያለ ማሽን የቀረ ሕመምተኛ ይብሳል ብላ ራሷን አሳመነችና እሽ አለች።

ድምፁ እንዲቀዳ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ራሳቸው ቡሬ መጡ። «እንደምን ዋላችሁ» የምትለዋን ለመቅዳት ረፋዱ አለቀ፤ አንዴ ትንፋሼ ተሰማ፣ አንዴ ችኮላ አለበት፣ አንዴ ደግሞ የተጣላ ሰው ይመስላል እያሉ አስደገሟት። በዚያ ላይ ሌላ ሕግ ጨመሩ። ጠይቆ መልስ የማይጠብቅ ሰው ንቀት አለበት፣ ሰው እያወራ አፍ የሚነጥቅ ደግሞ ባለጌ ነው አሉ። ስለዚህ ሠርክአዲስ ለዘብ ጆሮ ሠራችለት። የሚባለውን አይረዳም፤ ሰው እያወራ መሆኑን ብቻ ይሰማል። ሰውየው ተናግሮ ዝም እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ተሠርቶ ሲያልቅ መለኪያዋን የራሷ ጣት ላይ ቆንጥጣ ትንፋሿን ያዘች። ቁጥሩ ሲወርድ መሪጌታ ከማሽኑ ውስጥ በለሰለሰ ድምፅ «እንደምን ዋላችሁ?» አሏት። ቤተሰቡን ጠየቁ። ከብቱን ጠየቁ። እህሉ ላይ ሲደርሱ ዓይኗ ጨለመባት። ወንበሩን ይዛ ሳለች ስመኘው ከኋላዋ ያጨበጭብ ነበር።

ጎሽ ሜዳ ዘብን እንደ አማች ተቀበለው። ችግሩ ፍቅሩ መብዛቱ ነው። ዘብ ሰላም የሚለው ትንፋሽ ሲያጥር ብቻ መሆኑን ሰው ደረሰበትና፣ ሕመምተኛው ሁሉ ትንፋሹን እየያዘ ሰላምታ መለዋወጥ ጀመረ። ሕመምተኛ ሊጠይቅ የመጣው ሳይቀር መለኪያዋን አውሱኝ ይላል። የገበያ ቀን ከዱርቤቴ በኩል የመጡ የከብት ነጋዴዎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መስለው ተሰልፈው ፊታቸው ቲማቲም እስኪመስል ትንፋሻቸውን እየያዙ ከዘብ ጋር ስለ በሬ ዋጋ ተጨዋወቱ። ደጀኔ መጀመሪያ በእያንዳንዱ ሰላምታ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ሰለቸው። ኋላ ላይ ዘብ «እንደምን ዋላችሁ?» ሲል ከጎረቤት ክፍል ሆኖ፣ መርፌውን ሳያስቀምጥ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ብቻ ሆነ ሥራው።

ማሽኑን ለማሳየት ፍኖተ ሰላም ላይ በተደረገው ጉባኤም ያው ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የመጡ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥተው ትንፋሻቸውን ያዙ። አዳራሹ ዝም ብሎ ጠበቀ። ኃላፊው ቀሉ፣ ጠቆሩ፣ በመጨረሻ ዘብ «እንደምን ዋላችሁ? ቤተሰቡ ደህና ነው?» ሲላቸው «ደህና ነው፣ ተመስገን» ብለው ጠረጴዛውን ይዘው ተነፈሱ፤ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። «ወግ አዋቂ ማሽን» ተባለ። የደምበጫ ሰዎች እኛም እንፈልጋለን አሉ፤ ፈቃዱም ያለ ችግር እንደሚሰጥ ተነገረ። ስመኘው እየዞረ ይጨባበጣል። ሠርክአዲስ ከኋላ ወንበር ጥፍሯን እየበላች ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የለፋችበት ነገር ተሳካላት፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል፣ እሷ ግን ፈራች። አንድ ቀን እውነተኛ ሰው እውነተኛ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ይህ ወግ አዋቂ እህሉን ጠይቆ ሳይጨርስ ይገድለዋል ብላ ፈራች። ለስመኘው ነገረችው። «አታሟርቺ» አላት።

እትየ ታንጉት የታመሙት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የባላቸው በሽታ ነው፣ ሳንባ ምች፤ በእሳቸው ላይ ግን ጠና። ጎሽ ሜዳ አስተኝተው፣ ከሲሊንደር በቱቦ ኦክስጅን ሰክተውላቸው፣ ዘብን ራስጌ አቁመውላቸው አስታመሙ። ጋሸ ገነነ ከአልጋው አልራቁም። ሠርክአዲስ በዚያ ሳምንት የዘብን ገመድ ልትቀይር መጥታ ነበርና ሲያዩዋት አገጫቸውን ነቅነቅ አደረጉላት እንጂ አላናገሯት። እሳቸው ሲጀመርም ወሬ የሚያበዙ ሰው አይደሉም፤ ሚስታቸው ሲታመሙ ደግሞ ጭራሽ ተዘጉ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሠርክአዲስ ግቢ ውስጥ፣ የመፍቻ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከደጀኔ ጋር ቆማለች። በመስኮቱ የመሪጌታ ድምፅ መጣ።

«እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ደጀኔ፣ ወደ መስኮቱም ሳይዞር።

«ሂድና እያቸው እንጂ» አለችው።

«ይጫወታሉ ባክሽ። ጠዋት አጠገባቸው የተኛችው ልጅ ዘብን ስታጫውተው ነበር።»

«ቤተሰቡ ደህና ነው?» አለ ዘብ።

መልሱን ሁለቱም ሰሙት። የጋሸ ገነነ ድምፅ ነው። «ደህና ነው» አሉ። «ደህና ነው፣ ተመስገን። ትልቁ ልጄ ቡሬ ነው፣ መኪና ይነዳል፤ ሚስቱ ባለፈው ወልዳለች። ሁለተኛዋ ደምበጫ ናት፣ ታስተምራለች። ሦስተኛው...» እያሉ ቀጠሉ። ያ ከሰው ጋር የማይነጋገር ሽማግሌ፣ የልጅ ልጅ እየቆጠረ ለማሽን ያወራል፤ ድምፁም ይርገበገባል። ሠርክአዲስ መሮጥ ጀመረች።

እትየ ታንጉት ትራሱ ላይ ዘመም ብለዋል፤ ዓይናቸው ግማሹ ተከድኗል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ማንም አልተጫወተም። የዘብ ቁጥር ወርዶ ወርዶ ነበር። ሲሊንደሩን አየች፤ አልቋል፣ የግፊት መለኪያው ቀስት ከታች ተኝቷል። «ደጀኔ፣ ሌላ ሲሊንደር» ብላ ጮኸች፤ ማሽኗ እንዲጮህ የፈለገችውን ጩኸት ራሷ ጮኸችው። ደጀኔ ዘሎ ገባ፤ ሲያያቸው ፊቱ ተለወጠ። ሲሊንደሩን እየገፋ አመጣ፤ ወዲያው በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት አፋቸው ላይ አድርጎ መጭመቅ ያዘ።

«ከብቱስ ደህና ነው?» አለ ዘብ፣ ጋሸ ገነነ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ።

ሽማግሌው ከማሽኑ ፊት ቆመው ነበር፤ ጋቢያቸው ወርዷል፤ ሁለት እጃቸውን ለሹም እንደሚያመለክት ሰው አጣምረዋል። ሠርክአዲስ ያኔ ገባት። ይህን የጥያቄ መንገድ ከስሰው ያስመጡት እሳቸው ናቸው፤ መጨረሻው የት እንደሚያደርስ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከብት፣ ከከብት እህል፣ ከእህል ዝናብ፣ ከዝናብ በኋላ መርዶው ነው። መርዶው ካልተነገረ ደግሞ ታንጉት አልሞተችም። እሳቸው ዝም ካላሉ ዘብ አፍ አይነጥቅም። ስለዚህ ዝም አላሉም።

«ደህና ናቸው» አሉ። «ቦራ ደህና ነው። ዳለቻ እግሩን ይዞት ነበር፣ ትቶታል። መጋል ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። በጎቹም አሉ። አንዷ ጠፍታ ነበር፣ ተገኝታለች፤ የት እንደተገኘች ልንገርህ፤ ሩቅ ነው፣ ረጅም ነው ወሬው...»

ሠርክአዲስ የሲሊንደሩን መቆጣጠሪያ ከባዶው ፈትታ ወደ ሙሉው ልታዛውረው ታገለች። የማሰሪያው ብሎን ዝጎ ነበር። መፍቻውን አስገብታ በሙሉ ክብደቷ ተንጠለጠለችበት። እጇ ዳጠ፤ ጣቷ ተላጠ፤ ደም ብሎኑን አዳለጠው። «ጋሸ ገነነ፣ እባክዎ ወደ ውጭ» አለች ሳታስበው። በእጃቸው ከልክለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ማሽኑን ልታጠፋው እጇን ዘርግታ ነበር፤ ምን ያደርጋል አሁን፣ እሷም ደጀኔም እዚሁ ናቸው። ሽማግሌው አይተዋት አንገታቸውን በጭንቀት ነቀነቁ። እጇን መለሰች። ማጥፋት አልቻለችም።

ብሎኑ ተፈታ። መቆጣጠሪያውን ሙሉው ላይ አጠበቀችው፤ ከፈተችው፤ አየሩ በቱቦው ውስጥ ሲሽ አለ። ደጀኔ ከረጢቱን ከቱቦው ጋር አገናኘና መጭመቁን ቀጠለ። እትየ ታንጉት አልነቁም። ጋሸ ገነነ በጓን አገኟት፤ የበጓም ወሬ አለቀባቸው፤ ሳል ያዛቸውና ቆም አሉ።

«እህሉስ እንዴት ነው ዘንድሮ?» አለ ዘብ።

«ጤፉ...» አሉ። «ጤፉ ደህና ነው። በቆሎውን ለጋ ሳለ በረዶ መቶት ነበር። ሰሊጥ አልዘራሁም። ባቄላ ዘርቻለሁ። ሽንብራ... ሽንብራ እዘራለሁ መሬቱ ጠፈፍ ሲል። እሷ ናት ሽንብራ የምትወድ። የሽንብራ እሸት አጠገቧ አስቀምጠህ ሌላ ሥራ አታሠራትም። እሷ ካልበላች ለማን እዘራለሁ፤ ግን እዘራለሁ፤ ያው እዘራለሁ ብዬሃለሁ።» የሚያወሩት እህል አለቀባቸው። ያልዘሩትን መጥራት ጀመሩ፤ ኑግ፣ ጓያ፣ ስንዴ፣ ምስር፤ እንባቸው በጢማቸው እየወረደ በሕይወታቸው ያላዩትን ሩዝ ሳይቀር ዘርተው አጨዱ።

ሠርክአዲስ ቁጥሩን ነበር የምታየው። ቆመ። ትንሽ ወጣ። መልሶ ወረደ። አሁንም ወጣ፤ ወጣና አልተመለሰም። የእትየ ታንጉት ከንፈር ቀስ እያለ ቀላ። ደጀኔ መጭመቁን ሳያቆም ዓይኑን ጨፈነ፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

ጋሸ ገነነ ሩዙን ከምረው ጨርሰው ዝም አሉ። ሌላ የሚያወሩት አልነበራቸውም። ትከሻቸውን ሰብስበው ዘብ የመጨረሻውን ጥያቄ እስኪጠይቃቸው ጠበቁ። ዘብ አልጠየቀም። የሕመምተኛዋ ትንፋሽ ሲመለስ ጉዳዩ ያልቃልና ዝም ብሏል፤ እሳቸው ግን ይህን አያውቁም።

«ዝናቡን አልጠየቅኸኝም» አሉት። «ጠይቀኝ እንጂ። ጥሩ ዘንቧል። ጠይቀኝ።» የዘብን የጆግ እጀታ በሁለት እጃቸው ያዙት። «ስለ ዝናቡ ሳትጠይቀኝ አትንገረኝ። ወግ አይደለም።»

ሠርክአዲስ ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትጀምር? ድነዋል ብላ ብትጮህ ሽማግሌው የሚሰሙት ጩኸቱን ነው። እንደምን ዋሉ ብላ ብትጀምር እዚያው ፊቷ ላይ ይወድቁባታል። ለክፉ ወሬ ያን ሁሉ መግቢያ ስትሠራ ለደግ ወሬ አንድ እንኳ አልሠራችለትም። የደማውን እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች ቆማ ቀረች።

ከአልጋው ላይ ሳል መጣ። ደጀኔ ከረጢቱን አነሣ።

«የመጋል ጥጃ» አሉ እትየ ታንጉት። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ይቆራረጣል፣ ቁጣው ግን ጤነኛ ነው። «ወንድ ነው አልኸው? ሴት ናት እኮ። እያወቅህ ለምን ታሳስተዋለህ?»

ጋሸ ገነነ አልዞሩም። ቢዞሩ የሰሙት እንዳይጠፋ የፈሩ ይመስላል። እጀታውን እንደያዙ ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸውን ማሽኑ ላይ አሳረፉ።

«ሴት ናት ትላለች» አሉት ለዘብ።